የኔትዎርክ ፍተሻ ውጤት በአንድ ዐይነት አጻጻፍ ይመዝገብ

ገበያ ወጥቶ እህል የሸመተ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ቁና ሁሉ አንድ ቁና አይደለም። በአንዱ ገበያ ተቈልሎ ይሰፈራል፤ በሌላው ጠርዙ ላይ ተጠርጎ ይሰፈራል፤ ስሙ ግን በሁለቱም ዘንድ ቁና ነው። ገዢና ሻጭ የአንድ አገር ሰዎች እስከ ሆኑ ድረስ የሚያጣላ ነገር አይኖርም። ክርክሩ የሚነሣው ከሌላ አውራጃ የመጣ ነጋዴ በሰፈረበት ቀን ነው። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ጉዳይ ስለ እህል ሳይሆን ስለ ኮምፒዩተር ኔትዎርክ ነው፤ ዳሩ ግን የችግሩ ሥር ከዚሁ ከቁናው የራቀ ሁኖ አላገኘነውም።

ኔትዎርክን መፈተሽ ማለት፥ በአንድ መሥመር ላይ ስንት መልእክት በስንት ጊዜ እንደሚያልፍ፥ ስንቱ በመንገድ ጠፍቶ እንደሚቀር፥ ደርሶ ለመመለስም ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ መለካት ነው። ቀድሞ ይህን ሥራ አንድ ባለሙያ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ትእዛዙን ይጽፍና መልሱን በዐይኑ አንብቦ በማስታወሻው ያሰፍረው ነበር። አሁን ግን ሥራው በአብዛኛው ለፕሮግራም ተሰጥቷል። ፕሮግራሙ በየአምስት ደቂቃው ሌሊትና ቀን ይለካል፤ ውጤቱን በፋይል ያከማቻል፤ ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ያን ፋይል አንብቦ ሠንጠረዥና ሥዕል ያወጣል። አለቃ የሚያየው የመጨረሻውን ሥዕል ብቻ ነው። በመለኪያውና በሥዕሉ መካከል ያለውን አጻጻፍ ማንም አያየውም፤ ስለዚህም ማንም አይጨነቅበትም። እኛ ግን ልንጨነቅበት ይገባል ብለን እናምናለን።

ነገሩን ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ በያዝን በስድስተኛው ወር፥ እናገለግልበት የነበረው መሥሪያ ቤት ከሁለት ቅርንጫፎቹ ወደ ዋናው ቢሮ የተከራየውን መሥመር በፕሮግራም ማስፈተሽ ጀመረ። ፕሮግራሙን የጻፈው አንድ ትጉህ ጓደኛችን ነበር። መለኪያውም ሁሉ የሚያውቀው ፒንግ ነው፤ ይኸውም አሜሪካዊው ማይክ ሙስ በ1983 የጻፈው፥ ትንሽ መልእክት ልኮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ የሚቈጥር መሣሪያ ነው። ዓመቱን በዚህ ጽሑፍ ሁሉ፥ ካልጠቀስን በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን እንቈጥራለን። በአንደኛው ቅርንጫፍ ያለው ማሽን ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት የተጫነበት ሲሆን የሁለተኛው ዊንዶውስ ነበረ።

ጓደኛችን ፕሮግራሙን ያዘጋጀው የሊኑክሱን መልስ እያየ ነው። ሊኑክስ ፒንጉን ሲጨርስ ቁጥሮቹን በተርታ ያወጣል፤ መጀመሪያ አነስተኛውን፥ ሁለተኛ አማካዩን፥ ሦስተኛ ከፍተኛውን። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሁለተኛውን ቁጥር ወስዶ «አማካይ» በሚለው ዓምድ ሥር እንዲጽፍ ታዘዘ። ዊንዶውስ ግን የሚያወጣው መጀመሪያ አነስተኛውን፥ ቀጥሎ ከፍተኛውን፥ በመጨረሻም አማካዩን ነው። ፕሮግራሙ ቃሉን ሳይሆን የቁጥሩን ተራ ብቻ ይመለከት ስለ ነበር፥ አራት መልእክት ተልኮ በ38፥ በ41፥ በ45 እና በ212 ሚሊሴኮንድ በተመለሰ ጊዜ፥ አማካዩ 84 ሁኖ ሳለ የኛ ሠንጠረዥ 212 ብሎ ይጽፍ ነበር።

ለአምስት ወር ያህል የሁለተኛው ቅርንጫፍ መሥመር በየሳምንቱ ሪፖርት ላይ በቀይ ቀለም ተጻፈ። ለአከራዩ ድርጅት የቅሬታ ደብዳቤ ተላከ። አከራዩም የራሱን ፋይል ይዞ መጣ፤ በርሱ ፋይል መሥመሩ ደኅና ነው። ሁለቱ ወረቀት በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፥ የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋራ ሳይገናኝ፥ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። የነሱ ቁጥር በሴኮንድ ክፍልፋይ፥ የኛ በሚሊሴኮንድ፤ የነሱ ሰዓት በግሪንዊች፥ የኛ በአዲስ አበባ፤ ፍተሻው ጭራሽ ያልተሳካበትን ጊዜ የነሱ ለብቻው ሲቈጥር የኛ ዜሮ ብሎ ይጽፈዋል። ቃለ ጉባኤው «ጉዳዩ ይጠና» በሚል ተዘጋ። በመጨረሻ የተጐዳው አከራዩም አለቃውም አልነበሩም። «በኀላፊነት የተረከባቸውን መሣሪያዎች በሚገባ አልያዘም» ተብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የተጻፈበት የቅርንጫፉ የኮምፒዩተር ሠራተኛ ነበር።

ስሕተቱ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን የቅርንጫፉ ማሽን ቢበላሽ፥ ሊኑክስ በተጫነበት በሌላ ማሽን ተተካ፤ መሥመሩም በአንድ ሌሊት «ተሻሻለ»። ዋናው አለቃችን ማሽኑን ለገዛው ክፍል ምስጋና ሊጽፉ ነበር።

አንባቢ ይህን ሲሰማ «ጥፋቱ የፕሮግራሙ ጸሐፊ ነው» ሊል ይችላል። በከፊል እውነት ነው፤ ጓደኛችንም አልካደም። ነገር ግን ፒንግ መልሱን የሚያወጣው ለሰው ዐይን እንጂ ለሌላ ፕሮግራም አይደለም። ዊንዶውስ ፒንግ መልሱን ማሽኑ በተዘጋጀበት ቋንቋ ነው የሚናገረው፤ ጀርመንኛ በሆነው ማሽን ላይ አማካዩ በጀርመንኛ ቃል ይወጣል፤ እንግሊዝኛውን ቃል እየፈለገ የሚያነብ ፕሮግራም ባዶ እጁን ይመለሳል። መልሱ እጅግ የፈጠነ እንደ ሆነ «ከ1 ሚሊሴኮንድ በታች» የሚል ምልክት ያወጣል፤ ይህ ደግሞ ቁጥር አይደለም፤ አንዱ ፕሮግራም 1 ብሎ፥ ሌላው 0 ብሎ፥ ሦስተኛው ስሕተት ነው ብሎ ይወስደዋል። መልእክቱ ጠፍቶ በቀረ ጊዜ ዊንዶውስ «ጊዜው አለፈ» ብሎ አንድ መሥመር ይጽፋል፤ ሊኑክስ ግን እንደ ልማዱ ዝም ይላል፤ መጥፋቱ የሚታወቀው የተራ ቁጥሩ ሲዘለል ነው። አንድ ዐዋቂ ሰው ይህን ሁሉ አይቶ ይረዳዋል። ፕሮግራም አይረዳውም።

ስለ ጠፋ መልእክት ከተነሣ ዘንድ ጥቂት እንቈይበት፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ያልተመለሰ መልእክት ስንት ሚሊሴኮንድ ፈጀ? የኢንተርኔት መሐንዲሶች ጉባኤ የሆነው አይ.ኢ.ቲ.ኤፍ. በ1999 ባወጣው፥ የአንድ አቅጣጫ መዘግየትን በሚተረጕመው ሰነድ ላይ፥ እንዲህ ያለው መዘግየት ያልተወሰነ፥ በተራ አነጋገርም መጨረሻ የሌለው ነው ብሏል። ይህን በዜሮ የሚተካ ሰው ምን እያደረገ ነው? መሥመሩ በተበላሸ ቍጥር አማካዩን እያሳነሰ፥ የከፋውን ኔትዎርክ የፈጠነ እያስመሰለ ነው። ግማሹ ጊዜ የተቈረጠ መሥመር ከቶ ካልተቈረጠው ይልቅ ግሩም ሁኖ በሪፖርት ላይ ይታያል። ዜሮና «የለም» አንድ አይደሉም፤ አጻጻፉም ሁለቱን መለየት አለበት።

ከአጻጻፉ በፊት ደግሞ የስሙ ነገር አለ። የማሳለፍ ዐቅም የምንለው ምንድር ነው? ስኮት ብራድነርና ጂም ማክኩዌድ በ1999 ያዘጋጁት፥ በባለሙያዎች ዘንድ በቁጥሩ አር.ኤፍ.ሲ. 2544 ተብሎ የሚታወቀው ሰነድ፥ አንድም መልእክት ሳይጠፋ ሊተላለፍ የሚቻለውን ከፍተኛ ፍጥነት ይፈልጋል፤ በኢተርኔት ላይም ከ64 ባይት ጀምሮ እስከ 1518 ባይት ባሉት ሰባት መጠኖች እየተላከ እንዲፈተሽ ያዝዛል። ኤፍ.ዲ.አይ.ኦ. የተባለው፥ ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ የሶፍትዌር ሥራ ደግሞ ሁለት ቁጥር ያወጣል፤ አንዱ ምንም ሳይጠፋ፥ ሌላው ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ቢጠፋም ተፈቅዶ የተገኘ ነው። አይፐርፍ በሚባለው መሣሪያ የሚለካው ቲ.ሲ.ፒ. ግን የጠፋውን እንደገና እየላከ የሚሄድ ስለ ሆነ ከሁለቱም የተለየ ነገር ነው። ሦስቱንም «የማሳለፍ ዐቅም» በሚል አንድ ዓምድ ሥር መጻፍ የተቈለለውንና የተጠረገውን ቁና በአንድ ስም መጥራት ነው። የመዘግየት መለዋወጥ፥ ወይም ጂተር የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ተከታታይ የሆኑትን ሁለት መልእክቶች ያነጻጽራል፥ ሌላው እያንዳንዱን ከሁሉ ከፈጠነው ጋራ፤ ሦስተኛው፥ ለድምፅ ማስተላለፊያ የተዘጋጀው፥ ልዩነቱን በ16 እያካፈለ ያለሰልሰዋል። ከአንድ ዐይነት መለኪያ ሦስት የማይመሳሰል ቁጥር ይወጣል፤ ሁሉም ጂተር ይባላል፤ ሁሉም ትክክል ነው።

ከዚሁ ሰነድ፥ ከ2544፥ አንድ ነገር እናስታውስ። ውጤቱ እንዴት ይቅረብ ለሚለውም መልስ ሰጥቷል፤ በሥዕል ይቅረብ፥ በአግድሙ የመልእክቱ መጠን፥ በቁሙ ፍጥነቱ ይጻፍ፥ በንድፈ ሐሳብ ሊደረስበት የሚቻለውና በእውነት የተገኘው በሁለት መሥመር ይሣል ይላል። ለዘመኑ መልካም ትእዛዝ ነው። ነገር ግን ሥዕልን የሚያነበው ሰው ነው። ፕሮግራም ለፕሮግራም የሚያስተላልፈው ፋይል ምን ይምሰል የሚለው ጥያቄ ለየመሣሪያው ሠሪ ተተወ፤ መሣሪያ ሠሪዎችም እንደ ባሕርያቸው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አበጁ።

የልኬቱ አሃድም ችግር አለው። ቢትና ባይት መሳሳት ስምንት እጥፍ ነው፤ ይህን ያህል ሲሆን ሰው ቶሎ ይነቃል። የሚያስቸግረው ትንሹ ስሕተት ነው። አይፐርፍ የተላለፈውን መጠን በሜጋባይት ሲጽፍ 1024 በ1024 ብሎ ይቈጥራል፤ ፍጥነቱን በሜጋቢት ሲጽፍ ግን በሺሕ በሺሕ ነው። በዚያው አንድ መሥመር ላይ ሁለት ሜጋ! አንዱን ከሌላው ለማስላት የሞከረ ሰው ከመቶ አምስት እጅ ያህል ይሳሳታል፤ አምስት እጅ ደግሞ ማንም «የቀኑ ሁኔታ ነው» ብሎ የሚያልፈው ልክ ነው። ወደ ማርስ የተላከችው የአሜሪካ መንኰራኵር በ1999 የጠፋችው በዚህ ዐይነት ነገር ነው። በመሬት ላይ ያለው አንዱ ሶፍትዌር ቁጥሩን በእንግሊዝ ፓውንድ ሲያወጣ፥ ተቀባዩ በስምምነቱ መሠረት በኒውተን መስሎት ተቀበለው። ስምምነቱ ተጽፎ ነበረ፤ ነገር ግን በፋይሉ ውስጥ ከቁጥሩ ጐን አሃዱን የሚናገር አልነበረም።

የጊዜ አጻጻፍ ግን ከሁሉም ይልቅ እኛን ኢትዮጵያውያንን ይነካናል። በአንድ ፋይል ላይ «01/02/2017» የሚል ቢገኝ፥ አሜሪካዊው ጃንዩወሪ 2 ብሎ ያነበዋል፤ እንግሊዙ ፌብሩወሪ 1 ይለዋል፤ በኛ መሥሪያ ቤት ያለ ጸሐፊ ደግሞ ጥቅምት 1 ቀን 2017 ብሎ ጽፎት ሊሆን ይችላል፤ ይህም በነሱ ኦክቶበር 11 ቀን 2024 ነው። በእንግሊዙ ንባብና በኛው መካከል ከሰባት ዓመት ተኩል የበለጠ ልዩነት አለ። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። «3፡00» ያለው ሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለቱ ከሆነ በማሽኑ ሰዓት 9፡00፥ በግሪንዊች ደግሞ 6፡00 ነው። መሥመሩ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ እየተጨናነቀ እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ መሐንዲስ፥ የሁለት ቢሮ ፋይል አንድ ላይ ቢያደርግ፥ ያልነበረ መጨናነቅ ያገኛል፤ የነበረውንም ያጣል። ስለዚህ የምንወደውን የዘመን አቈጣጠራችንን ለሥዕሉና ለሪፖርቱ እናቈየው፤ በፋይሉ ውስጥ ግን በ2002 በወጣው በአር.ኤፍ.ሲ. 3339 መሠረት ዓመት፥ ወር፥ ቀን፥ ሰዓት በተርታ፥ የግሪንዊችም ምልክት ተጨምሮበት ይጻፍ። ይህን ማድረግ ባህልን መጣል የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ፋይሉን የሚያነበው ማሽን እንቍጣጣሽን እንደማያከብር እናስታውሰዋለን።

ሌሎች ይህን እንዴት አድርገው ፈቱት? ሦስት ምሳሌ እናቅርብ፤ ሦስቱም ከመንግሥት ምሥጢር ያይደሉ፥ ማንም ተማሪ ገብቶ ሊያያቸው የሚችል ናቸው።

ፐርፍሶናር የሚባለውን የአሜሪካና የአውሮፓ የምርምር ኔትዎርኮች፥ ኢኤስኔት፥ ጌአንት፥ ኢንተርኔት ቱ፥ ከኢንዲያና ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ጋራ ሁነው ያዘጋጁት ነው። ብዙ መረጃ ከአገር አገር የሚልኩ የፊዚክስ ሊቃውንት መሥመሩ የት ላይ እንደ ተበላሸ ማወቅ ነበረባቸው፤ መሥመሩ ደግሞ የአምስት ድርጅት ንብረት ሊሆን ይችላል። የነሱን አሠራር የወደድንበት ምክንያት ይህ ነው፤ አጻጻፉን የወሰኑት በመሣሪያው ስም ሳይሆን በፍተሻው ዐይነት ነው። የማሳለፍ ዐቅም በአሮጌው አይፐርፍ ተለካ፥ በአዲሱ አይፐርፍ ተለካ፥ ነትሲፒ በሚባለው ተለካ፥ ውጤቱ የሚጻፈው በአንድ መልክ ነው። መሣሪያው ቢለወጥ የሚለወጠው አስተርጓሚው ብቻ ነው፤ የሚያነበው ፕሮግራም ምንም አይሰማውም።

ሁለተኛው ራይፕ አትላስ ነው። ከ2010 ጀምሮ በየሰው ቤትና በየመሥሪያ ቤቱ የተተከሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ኔትዎርኩን እየለኩ ይልካሉ። መሣሪያዎቹ በዕድሜ ስለሚለያዩ የሚልኩት አጻጻፍም ባለፉት ዓመታት ተለዋውጧል። ነገር ግን እያንዳንዱ ውጤት በስንተኛው የውስጥ ሶፍትዌር ዕትም እንደ ተጻፈ በራሱ ላይ ይናገራል፤ መመሪያውም በየዕትሙ ተጽፏል። ለውጥን አልከለከሉም፤ ሳይናገሩ መለወጥን ግን ከለከሉ። አያቶቻችን ማርትሬዛ ብር ሲቀበሉ በሴትዮዋ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቍ ነጠብጣቦች ይቈጥሩ ነበር ይባላል፤ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ አይቀበሉም። የቪየና ሰዎችም ይህን ስለሚያውቁ፥ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ የተመታውን ሁሉ 1780 የሚል ዓመት እንደ ያዘ አወጡት። ያ አንዱ መንገድ ነው፤ ፈጽሞ አለመለወጥ። ለብር ሠርቷል፤ ለኔትዎርክ ግን የሚሠራው የአትላሱ ነው።

ሦስተኛው በ2009 የተጀመረው ኤም-ላብ ነው። እነዚህ የፍጥነት ፍተሻ ውጤት ለሕዝብ ክፍት አድርገው ሲያስቀምጡ፥ ከተዘጋጀው ሠንጠረዥ ጋራ ጥሬውንም ያኖሩታል። ትርጕሙ የተሳሳተ እንደ ሆነ እንደገና ከጥሬው መተርጐም ይቻላል ማለት ነው። የኛ ጓደኛ ጥሬውን የፒንግ መልስ አስቀምጦት ቢሆን ኖሮ፥ የአምስቱ ወር ሪፖርት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊታረም ይችል ነበር።

በመጨረሻም አይ.ኢ.ቲ.ኤፍ. በ2021 ለመለኪያዎች የስም መዝገብ አቁሟል። በዚያ መዝገብ የሚገኘው ስም ረጅም ነው፤ ለንባብም አይጥምም። ነገር ግን በውስጡ የተለካው ነገር፥ የመለኪያው ዘዴ፥ የመልእክቱ ዐይነት፥ ትርጕሙ የተጻፈበት ሰነድና ክፍል፥ አሃዱ፥ አማካይ ይሁን ከመቶ ዘጠና አምስተኛው እጅ ሁሉ ተራ በተራ ተጽፏል። ስሙን ያየ ሰው ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም። እኛ አስቀያሚና ግልጥ የሆነ ስም ውብና አሻሚ ከሆነ ስም ይሻላል እንላለን።

እንግዲህ ወደ ሐሳባችን እንመለስ። ወጣት ባለሙያ ይህን ችግር ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት አሳብ የራሱን አዲስ አጻጻፍ መፍጠር ነው። እኛም አልቀረንም፤ ለመመረቂያ ጽሑፋችን 41 ዓምድ ያለው አጻጻፍ ፈጥረን፥ በአሥራ ሁለት ገጽ ገልጠነው ነበር። እስከ ዛሬ ከኛ በቀር የተጠቀመበት ሰው የለም፤ እኛም ትተነዋል። ዓለም የጐደለው ሌላ አዲስ አጻጻፍ አይደለም። ያለውን ወስዶ፥ ምን ምን መጻፍ እንደሚገባው ተስማምቶ፥ በዚያ መጽናት ነው።

ፋይሉ በጄሶን ይሁን በሲ.ኤስ.ቪ. የሚለውን ክርክር ብዙ አንፈልገውም፤ ጄሶን በብዙ መሣሪያ ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ እርሱን እንመርጣለን። አንድ ወጥመድ ግን እናመልክት። ብዙ ፕሮግራሞች የጄሶንን ቁጥር በሚያነቡበት ዘዴ 16 አኃዝ ገደማ ሲደርስ ትክክለኛነቱ ያልቃል። ጊዜን ከ1970 ጀምሮ በናኖሴኮንድ የሚቈጥር ሰው ደግሞ 19 አኃዝ ይጽፋል፤ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ሳይታወቅ ይጠጋጋሉ፤ ጊዜው እስከ 128 ናኖሴኮንድ ይዛነፋል። ለአዲስ አበባና ለአዳማ መሥመር ይህ ምንም አይደለም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ባሉ ሁለት ማሽኖች መካከል ለሚለካ ግን ውጤቱን ያበላሻል። እንዲህ ያለውን ቁጥር እንደ ጽሑፍ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ መጻፍ ያድናል።

ዋናው ግን ይዘቱ ነው። እያንዳንዱ ውጤት ከየት ወደ የት እንደ ተለካ፥ በየትኛው መሣሪያና በስንተኛው ዕትም፥ ስንት መልእክት በምን መጠን እንደ ተላከ፥ ስንቱ እንደ ተመለሰ ይናገር። ጊዜ ሁሉ በሴኮንድ፥ ፍጥነት ሁሉ በቢት በሴኮንድ ይጻፍ፤ ሜጋና ጊጋ ለሰው በሚታየው ሥዕል ላይ ይጨመር። ቁጥሮቹ በተራቸው ሳይሆን በስማቸው ይጠሩ። ያልተገኘ ነገር ያልተገኘ ተብሎ ይጻፍ። አጻጻፉ ራሱም የዕትም ቁጥር ይኑረው፤ ጥሬውም መልስ አብሮ ይቀመጥ።

አንድ የምናከብራቸው አረጋዊ መሐንዲስ ይህን አሳብ ስንነግራቸው፥ «ልጆቼ፥ ሦስት ራውተር ላለው መሥሪያ ቤት ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል?» አሉን። መልሳችንን በአክብሮት እንዲህ ስንል አቀረብን፤ «ጋሼ፥ ሦስት ራውተር ያለው መሥሪያ ቤት ነው የተሳሳተው። ብዙ ያለውማ የሚያርምለት ሰው አለው።» ሳቁና፥ «እሱስ ልክ ነው፤ ግን ማን ይጽፈዋል?» አሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ሥራው ጊዜ ይፈልጋል፤ ለመጀመሪያው ወር ምንም የሚታይ ፍሬ የለውም፤ በየዓመቱ ግምገማ ላይም «አጻጻፍ አስተካከለ» ተብሎ የተሾመ ሰው አላየንም።

ቢሆንም ጊዜው ግድ የሚልበት ሁኔታ መጥቷል። በአገራችን ለረጅም ዘመን የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ አንድ ብቻ ነበረ፤ ማንን ከማን ጋራ እናነጻጽራለን? በ2019 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በዐዋጅ ተቋቋመ፤ በኦክቶበር 2022 ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጐን ሥራ ጀመረ። ከእንግዲህ መሥሪያ ቤቶች ሁለት ዋጋ አይተው መምረጥ፥ የተዋዋሉትንም አገልግሎት ማግኘታቸውን ማረጋገጥ ይችላሉ። ለዚህ ደግሞ ገዢውና ሻጩ ያወጡት ቁጥር ጐን ለጐን ሊነበብ ይገባል። ስለዚህ የመሥመር ኪራይ ውል የሚያዘጋጁ ወጣት ባለሥልጣኖች፥ «ፍጥነቱ ከዚህ እንዳያንስ» ብለው ብቻ እንዳያልፉ እናሳስባለን። በምን ዘዴ፥ በስንት ሰዓት፥ ከየት ወደ የት ተለክቶ፥ ውጤቱም በምን አጻጻፍ ለሁለቱ ወገን እንደሚሰጥ በውሉ አባሪ አንድ ገጽ ይጨምሩ። ጠብ ከመነሣቱ በፊት ሁለቱም ወገን በፈቃዱ ይፈርማል፤ ጠብ ከተነሣ በኋላ ግን ማንም የራሱን ቁና ትቶ በሌላው አይሰፍርም።

ተማሪዎችም ለዚህ ሥራ የቀረቡ ናቸው። የኔትዎርክ ላቦራቶሪ ባለበት ክፍል ሁሉ ሁለት ቡድን አንዱን መሥመር በልዩ ልዩ መሣሪያ ይለኩትና ፋይላቸውን ተለዋውጠው ያለ ማብራሪያ ያንብቡት። የአንዱን ፋይል ሌላው ሳይጠይቅ ሊረዳው ካልቻለ ሥራው አላለቀም። መምህራን ለዚህ ከአሥር ሦስት ነጥብ ቢሰጡ፥ ከኛ 41 ዓምድ የተሻለ ነገር ይገኝበታል።

የሁለተኛው ቅርንጫፍ ነገር ቀርቶብናል። ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ ፕሮግራሙ በአንድ ቀን ታረመ፤ ለአከራዩም የይቅርታ ደብዳቤ ተጻፈ። ለኮምፒዩተር ሠራተኛው የተሰጠው ማስጠንቀቂያ እንዲሰረዝ ግን የፐርሶኔል ክፍል ማስረጃ ጠየቀ፤ ማስረጃውም የዚያ የአምስቱ ወር ትክክለኛ ቁጥር ነው። ጥሬው መልስ ስላልተቀመጠ፥ ከፋይሉ ውስጥ የቀረው ከፍተኛው ብቻ ስለ ሆነ፥ አማካዩን ማንም ሊያወጣው አልቻለም። ሰውዬው ቆይቶ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ የግል ማኅደሩም ከነደብዳቤው አብሮት ሄደ።